አሥራ አንድ እስክቆጥር

ርእሰ መምህሩ አምስት ደቂቃ ሰጡኝ፣
«ትምህርት ቤታችንን አስተዋውቂያቸው» አሉኝ።
በራሪ ጽሑፉ ይኸው፤ ሣሩ ከሣር በላይ ለምልሞ፣
በየገጹ አንድ ልጅ ይስቃል፣ ጥርሱ እንደ በቆሎ ገጥሞ።
እሱን ቤታችሁ ታነቡታላችሁ።
እኔ ዊኒፍሬድ ኦበርላንደር ነኝ፣ የፊዚክስ መምህርት፤
በሠላሳ አንድ ዓመት ያየሁትን ላውጋችሁ።

ካፖርታችሁን አታውልቁ።
ማሞቂያው በዕድሜ ይበልጠኛል፤
ሲነሣ ያስነጥሳል፣ ሲደክመው አጉረምርሞ ይተኛል።
ይህን ቤት ያሠራው የቶሌዶ መስታወት ነጋዴ ነበር፤
አርባ ሁለት መስኮት አለው፣ ሁለቱ አይዘጉም፤
በኅዳር የኢሪ ሐይቅ ነፋስ
ሳይመዘገብ ገብቶ ከፊት ወንበር ይቀመጣል።

«ኮሌጅ ያስገባል ወይ?» ትሉኛላችሁ። ያስገባል።
የስንቱ ዩኒቨርሲቲ ዓርማ ኮሪደሩ ላይ ተሰቅሏል።
ዓርማው ግን ስለ ኮርዴሊያ አያወራም፣
ፈተናዋን ባዶውን ስለ መለሰችልኝ፣
ከግርጌው በእርሳስ
«ጥያቄው ራሱ ልክ አይመስለኝም» ብላ ስለ ጻፈችልኝ።
ተናድጄ ቤቴ ወሰድኩት።
ሌሊቱን ቁጭ ብዬ አሰላሁት።
እውነቷን ነበር።
በማግሥቱ ያረምኩት ጥያቄውን ነው።

ከኋላ የተቀመጡት አባት፣ ደረትዎ ላይ ስምዎን አነበብኩ፣
ሚስተር ቱሮቺ፤ የሚጎትቱት መኪና ደጅ ቆሟል፣ ቢጫው።
ስለ ክፍያው ሲጠይቁኝ ድምፅዎን ዝቅ አደረጉ።
ዝቅ አያድርጉት። ውድ ነው።
ከሦስት ልጅ አንዱ ግን ሙሉውን አይከፍልም፤
ማን እንደሆነ አላውቅም፣ እንዳላውቅም ተደርጓል፤
በኔ ክፍል ብርዱ ለሁሉም እኩል ታድሏል።

አዳሪ ትምህርት ቤት አይደለንም።
ጠዋት ልጃችሁን እንበደራለን፣
ሲመሽ እንመልሳለን።
ወለዱን እራት ላይ ታገኙታላችሁ፤
«ብርሃን ይመዘናል ወይ?» እያለ ሾርባው ሲቀዘቅዝበት፣
እናቱ «ብላ!» ስትለው፣
እሱ በማንኪያው ጀርባ የመብራቱን ጥላ ሲያሳድድበት።

አሁን ወደ አንቺ፣ ኢልካ።
ቅድም ደረጃው ላይ እጅጌዬን ይዘሽ፣
«መልሱን ያላወቀ ልጅ ምን ይደረጋል?» አልሽኝ።
ርእሰ መምህሩ ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም።
እንዲህ ነው፤
ጠይቄ አፌን እዘጋለሁ፣ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞራለሁ፣
በልቤ እስከ አሥራ አንድ እቆጥራለሁ።
ሁለት ላይ ፈጣኖቹ እጅ ያወጣሉ፤ እንዳላየ አልፋቸዋለሁ።
አራት ላይ ወንበር ይንቋቋል።
ስድስት ላይ ማሞቂያው ያስነጥሳል፣ አንዱ ይስቃል።
ስምንት ላይ፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ እኔም እፈራለሁ፤
ዝም አይነቅዝም ብዬ ራሴን አጽናናለሁ።
ከዚያ ከጥግ በኩል
ሳምንቱን ሙሉ ድምፁ ያልተሰማ ልጅ ትንፋሽ ይስባል፣
«ምናልባት…» ይላል።

ሁሌ አይደለም።
አንዳንዴ አሥራ አንድም አልፎ ጥጉ ዝም ይላል።
ያኔ ጠመኔዬን አነሣለሁ፣ ጥያቄውን በሌላ በኩል እይዘዋለሁ፣
እንደገና ከአንድ እጀምራለሁ።

ርእሰ መምህሩ ሰዓታቸውን እያሳዩኝ ነው።
ብስኩቱ አዳራሹ ውስጥ ነው፤ ቤተ ሙከራው በስተግራ።
ኢልካ፣ አንቺ ቅደሚ፤
በሩን ጠበቅ አድርገሽ ግፊው፣
በእርጥበት ወቅት ይነክሳል።