የቁራ ቀዳዳ

ፈረስ ገዛሁ አልከኝ፤ ደግ አደረግህ፣ ብሪንያር፤
ሦስት ባዝራ፣ አንድ ዳማ። ማን ነገረህ ግን ስለ ሣር?
ና ወደ ጥቅሎቹ፤ ጓንትህን አጥልቅ፤
ንፋሱ ከፊዮርዱ ነው፣ ሲነክስ አያስታውቅ።

እነዚህ ነጫጮች፣ እንደ ግዙፍ እንቁላል በረዶ ላይ የተጣሉ፣
የኛ ሐምሌ ናቸው፣ ልጄ፤ ፀሐይ ናቸው የተጠቀለሉ።
አጭደን አንድ ቀን ተኩል አሰጣነው፤
ገልብጠን አናፈስነው፤
ጨብጠህ ስትጨምቀው ውሃ ጠብ ሳይለው፣
መዳፍህን ግን ቀዝቀዝ ሲያደርገው፣
ያኔ ጠቀለልነው።
ስድስት ዙር ላስቲክ ይበቃል ይላል ኤይዮልፉር፤ እኔ ስምንት አዞርኩ፤
በላስቲክ የሰሰትኩ ዓመት ነው፣ በባዝራ የከፈልኩ።

ውስጡ ይብላላል። የሰው ነገር ታፍኖ ሲቆይ ይመራል፤
ይሄ ግን ታፍኖ ሲከርም ይጣፍጣል።
ጠላቱ አየር ነው።
ጠላቱ ያ ነው፣ አጥሩ ላይ ቆሞ አንገቱን የሚሰብቅ፣
ጥቁር ካባ ደርቦ የሰው ስህተት የሚጠብቅ።
ለምን እንደሚወጋው አላውቅም። ሣር አይበላ፤
ብርዱ ረጅም ነው፤ ምናልባት አጥቶ ይሆናል ሥራ ሌላ።

ጣትህን እዚህ አድርግ። አየህ? የምስር ፍሬ ታክላለች፤
ዛሬ ያገኘሃትን ዛሬ ለጥፍባት፣ ነገ ሻጋታ ትወልዳለች።
ፕላስተሩ ከኪሴ አይለይም፣ ከመነጽሬ ጋር ይኖራል፤
መጀመሪያ በክንድህ ጥረገው፤ ውርጭ ላይ ተለጥፎ ምን ያድራል?

አሥራ አንድ ዓመት ሆነው። የካቲት ነበር። መንገዱ ተዘግቶ፣
ውሽንፍሩ ሦስት ቀን ጋጣውን እንደ ከበሮ መትቶ፣
አጠገቤ የቀረኝ አንድ ጥቅል። ቀዳዳው ቡጢ አያስገባም፤
«ጥቂት ነው» አልኩ ለራሴ፤ የቸኮለ ሰው የራሱን ድምፅ እንኳ አይሰማም።
የሻገተውን አነሳሁ፣ እስከ ክርኔ ቆፍሬ፤
የቀረው አረንጓዴ ነበር፣ የሚሸት እንደ በሰለ ፍሬ።
አይጧን አላየኋትም።
መሃል ላይ ነበረች፤ በሐምሌ ከሣሩ ጋር የታጨደች፣
አውራ ጣት የምታህል፣ ጠፍጣፋ፣ ሰባት ወር የተኛች።

ግራውና፣ አምባላይዋ፣ በማግስቱ ውሃውን አየችው እንጂ አልጠጣችም፤
ምላሷ በከንፈሯ ዳር ወጥቶ ቀረ፤ መልሳ አልሰበሰበችም።
ጅራቷ እንደ ገመድ ላላ። መስሎኝ ነበር የደከማት፤
ዓይኗ ግን ያውቀኝ ነበር፣ ገላዋ ሁሉ ሲከዳት።
ሐኪሟ ከሳውዳርክሮኩር እስክትደርስ፣ ከበረዶ ጠራጊው ኋላ፣
ጉልበቷ ታጥፎ ነበር።
አልነግርህም ሌላ።

ኤይዮልፉር «ስቫንሂልዱር፣ በጎቼ በልተውት ምንም አልሆኑ» ይለኛል።
ዕድሉ ነው። የበግ ሆድ ይቅር ባይ ነው፤ የፈረስ ሆድ ይቀየማል።

ስለዚህ የከፈትከውን ቁጠር። በብርድ አምስት ቀን፣ ሲሞቅ ሦስት፤
አራት ፈረስ አይጨርሰውም? ለጎረቤት አካፍል፣ አትሰስት።
አፍንጫህን አስቀድም፣ ከመንሹ በፊት፤
ደስ የሚል ኮምጣጣ፣ እንደ ፖም ጭማቂ? ስጣቸው ያለ ፍርሃት።
የከረፋ ቅቤ? ነጭ ሻጋታ? ጉድጓድ ክተተው፣ ሳትራራለት።
እንግዶቹን ቀስ እያልክ አልምድ፣ ድርቆሽ እየቀላቀልክ፤
አለዚያ ቁርጠት ይነሳና ታድራለህ፣ በፋኖስ ጋጣውን እየዞርክ።

«ከተጠራጠርኩስ?» ልትለኝ ነው።
ከተጠራጠርክ መልሱ ጥርጣሬው ነው።

አሁን ይሄን እንክፈት። ቢላዋው ሹል ነው፤ ከጉልበትህ አርቀው።
ጠጋ በል። ዓይንህን ጨፍን። ሳበው።
ትንባሆ? ማር?
እኔን ግን ሲግትሪጉር ሸተተኝ፣ የሞተው ባሌ፣ ላብ በላብ ሆኖ ሣር ሲገለብጥ፣
እኩለ ሌሊት ላይ፣ ፀሐይዋ ባሕሩን ነክታ ተመልሳ ስታመልጥ።

ስማቸው፣ ሲያኝኩ።
ቁራው አሁንም አጥሩ ላይ ነው።
እንካ ፕላስተሩን። ላንተ ይሁን፤
እኔ ሌላ አለኝ።