ዘበኛውን አትቀስቅሰው

ጥቅምት ነው፣ ሎንግሺ። ውርጩ አፈሩን ሳይቆልፈው
ሼን ባኦሹ ተንበርክኮ ሥር ይምሳል፣ እንዳይሰብረው።
ክንድ ያህላል፣ ከክንድም ያልፋል፣ ወደ ታች ነው መንገዱ፤
አራት ዓመት የወረደው ባንድ ጠዋት አይወጣም ከጉድጓዱ።
ሁዋንግ ቺ ይሉታል፤ ልቡ ቢጫ ነው ሲቀደድ፣
ሽታው ባቄላ ባቄላ ነው፣ ለካ የባቄላ ነው ዘመድ።

«የገላ በር ዘበኛ ነው» ይሉት ነበር አባቱ፣
«ብርድ ይመልሳል፤ ለደካማ ምርኩዝ ነው ብርታቱ።»
ስንት ግራም? ለማን ገላ? ለየትኛው በሽታ?
ማን ጠይቆ! ከዶሮ ጋር ይንተከተካል፣ ይጠጣል ማታ።

ዘንድሮ ግን ቺያኦዩን፣ ሚስቱ፣
የእኅቷን ኩላሊት ይዛ ተመለሰች ከቤቱ።
የእናት ልጅ ሥጋ ቢሆንም፣ ለገላዋ እንግዳ ነው፣ እንግዳ፤
ሐኪሟ ዘበኛውን አስተኝታ ነው ያስገባችው በጓዳ።
ጠዋት ሁለት ሰዓት፣ ማታ ሁለት ሰዓት፣ የማስተኛው ክኒን፤
ባኦሹ ስልኩን ሞልቶ ይጠብቃል ደወሉን።

ኅዳር ገባ። ሳለች።
አንዴ ብቻ።
እጁ ሳያማክረው ድስት ጣደ፣ ሥሩን ከተፈው፤
ቢላዋው መሐል ላይ ቆመ፤ ግድግዳው ላይ ወረቀት አለ፣ ሐኪሟ ሉ የጻፈችው፦
«ሁዋንግ ቺ፣ አይሆንም።» ሁለቴ በቀይ ያሰመረችው።

ተከራክሯት ነበር። «ይህ ሥር ማንን ገድሎ ያውቃል?»
«ደግ ነው፤ ደግነቱን ነው የምፈራው። የተኛ ይቀሰቅስ ይሆናል።
ጥናቱ ገና ነው፤ አንዱ ያለውን ሌላው አይደግም፤
እኔም በማላውቀው ነገር በእኅቷ ኩላሊት አልወራረድም።»

ክትፋዩን ጠራርጎ ጆንያው ውስጥ አፈሰሰ።
ትኩሳቷን ለካ፤ ሌሊቱን ለሉ ደወለ።
ዶሮው በጨው ብቻ በሰለ።
«ምን ጎደለው?» አለች ቀምሳ። አማሰለ እንጂ አልመለሰ።

ቅዳሜ በማለዳ ገበያ ወጣ። አንዲት ልጅ መጣች፣
«ለእናቴ ነው፤ ሁለት ኪሎ፣ ወፍራም ወፍራሙን» አለች።
ሚዛኑን አነሣ። መልሶ አስቀመጠው።
«ምን ክኒን ትውጣለች? ስሙ ቢጠፋሽ ቀለሙ ምንድን ነው?
የሰው አካል ተሸክማለች? ወይስ ገላዋ
ከራሷ ገላ የተጣላ ነው ሕመሟ፣ አበሳዋ?»
ልጅቷ ሳቀች። «አባባ፣ ሥር ነው የሚሸጡት ወይስ ጥያቄ?»
ከጎኑ ካለው ሻጭ ገዛች፣ ያለ ጭቅጭቅ፣ ያለ ምርመራ፣ ያለ ጥያቄ።

ጆንያው እንደታጨቀ ነው። መዳፉ ላይ ቢጫ አቧራ።
ስልኩ ጮኸ። ሁለት ሰዓት።
«ዋጥሽ?»
«ዋጥኩ። አንተስ፣ ቀናህ?»
«ብርድ ነው» አላት፣ «ሻርብሽን ደርቢ» አለና ዘጋ።