በካርቶን ጀርባ

ከሽምብጥ ሲወርዱ፣ ከባጃጁ ተራ፣
አንድ ፑል ቤት አለ በቆርቆሮ ጣራ፤
ጠረጴዛው ዘማማ፣ አንድ እግሩ አጭር፣
የደገፈው ደግሞ የተማሪ ደብተር።
ይርሳው ሕጉን ጽፏል በካርቶን ጀርባ፦
«አስር ብር መያዣ ከቾኩ ሥር ይግባ።
ነጯ ጉድጓድ ካለች፣ ሁለት ብር ቅጣት።
ዱቤ የለም። ስድብ የለም። ሁለቱም እግር ከመሬት አይነሳም።
ስምንቷ ያለ ተራዋ ከገባች አለቀ፤ ማልቀስ አይቻልም።
መብራት ከጠፋ ሁሉም እጁን ኪሱ ይክተት፤
ኳሷ ባለችበት፣ ሰውም በቆመበት።»

ማክሰኞ አመሻሽ፣ አንማው ነው ባለ ተራ፤
መረቡ ሦስት ቀን ባዶውን ወጥቷል፣
አንድ አምባዛ ሳይራራ።
ስድስት ሆነን ጀምረን ሁለት ቀርተዋል፤
ከቾኩ ሥር ስልሳ ብር።
ስምንቷ ከጉድጓዱ አንድ ስንዝር ርቃ፣
እሱ አጎንብሶ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ሲለካ —
ድርግም!

እጃችንን ኪሳችን ከተትን።
ዝም።
ከዚያ ጉርርር… ጧ!
ይህን ድምፅ ከመካከላችን የማያውቅ የለም።

መብራት ሲመጣ ጨርቁ ላይ ነጯ ብቻ።
የአንማው እጅ ኪሱ ውስጥ ነው፤
እጅጌው ግን እስከ ክርኑ
የቾክ ሰማያዊ።
ሁላችንም ደሳለውን አየን፣ ተጋጣሚውን፣
ለሃምሳ ሳንቲም ሽማግሌ የሚጠራውን።
እሱ የበሩን መጋረጃ አየ፣ ሲውለበለብ።
«ነፋስ ነው» አለ። «የጣና።»
ይርሳው ስልሳውን ቆጥሮ ለአንማው ሰጠ።

በነጋታው ካርቶኑ ላይ፣ በሌላ ቀለም፦
«የጣና ነፋስ እንደ ተጫዋች ይቆጠራል፤
አስር ብሩን ግን አይጠየቅም።»