በእርጥብ መሐረብ

ነሐሴ ሲገባ ሊዝበን ትራገፋለች፤
ፎጣውን የያዘ ወደ ባሕር ሲወርድ፣
እኛ ሽቅብ ነበርን፣ በቢጫዋ ትራም፣ ወደ ዛፎች መንገድ።
አክስቴ ኤርሚኒያ፣ ጡረታ የወጣች ልብስ ሰፊ፣
ከሰው ጋር እውነተኛ፣ ከአበባ ጋር ቀጣፊ።
ቦርሳዋ ውስጥ ደረቅ ዳቦ፣ ነጭ ክር፣ የጥፍር መቀስ፣
መሐረብም አለ፣ ከቤት ስንወጣ ውሃ የሚርስ።
የኔ ሥራ ማሳል ነው።
ዘበኛ ብቅ ሲል «ኡሁ! ኡሁ!»፣ ሌላ ምን አለው?

አጁዳ ላይ፣ ከወንዙ በላይ፣ አንድ ሽማግሌ ዛፍ አለ፣
ክንዱን በብረት ምርኩዝ አሳርፎ የዋለ።
«እየው፣ የኔን ጉልበት!» አለች፣ ቅርፊቱን ዳሰሰች፣
«ሽማግሌ አይነካም» ብላ ሳትቆርጥ አለፈች።
ጣዎሶች ዳቦውን አሽትተው ከበቡን፣
ሥራችን የገባቸው ይመስል፣ አንገት አስግገው ታዘቡን።

ቀትር ላይ አስፋልቱ ጫማ ሲይዝ፣ ወደ ቀዝቃዛው ቤት ሸሸን፤
ጣሪያው የእንጨት ርብራብ፣ ብርሃን እንደ ዱቄት ተነፍቶ አለበሰን።
ውሃ ብቻ ነው የሚያወራው፣ ጠብ... ጠብ... ከፈርን ቅጠል።
አንዲት ነርስ፣ የሌሊት ተረኛ፣ አግዳሚው ላይ ተኝታለች፣
ጫማዋን ከራስጌዋ አድርጋ።
ልጆች ሲንጫጩ አክስቴ «እስስ!» አለች፤
መቀሷን ረስታ፣ ለሰው እንቅልፍ ዘብ ቆመች።

ማታ በዘይት ጣሳ፣ በተሰበረ ድስት ትተክላለች፤
ላቲኑን ትታ በደንበኞቿ ስም ትጠራለች።
ይቺ ዶና ዙልሚራ ናት፣ የሠርግ ልብሷን ሳትከፍል የሄደች፤
«አየሃት? ዛሬም ውሃ አልጠግብ አለች።»

ከዚያ ሲንትራ። በባቡር አርባ ደቂቃ፤ በጋው እዚያ ይጠፋል፣
ጭጋግ ከባሕር ተነስቶ ከዛፍ ዛፍ ይንጠላጠላል።
እዚያ ነው ያየቻት፣ ስሟ ከግንዷ የሚረዝም፣
ቅጠሏ የከፋይ እጅጌ፣ ሽታዋ የሎሚም የዝናብም።
ቀስ... አለ መቀሱ።
እኔ ቀንድ አውጣ ሳይ ሳሌን ረሳሁ፤
ቀና ስል የዘበኛ ቁልፍ አንሿሿ፤ ደርሷል እሱ።

«ቦርሳ» አለ። ከፈተች። መሐረቡ ተዘረጋ፤
ሰባት ቁራጮች፣ እንደ አራስ ቤት ሕፃናት ተርታ ተጋድመው፣
በየአንጓቸው ክር፣ በየክሩ የጨርቅ ምልክት፣ ስማቸው።
«ዙልሚራ ሁለት?» ብሎ አነበበ። ዝም ብሎ ቆየ።
የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነኝ፤ እስር ቤቱ ታየኝ፣ በሩ፣ መዝጊያው ሳይቀር።
«ይቺኛዋ» አለ በመጨረሻ፣ «በውሃ ትበሰብሳለች፤
አሸዋ ስጫት፣ ጥላም። ያኔ ሥር ትሰዳለች።»
መቀሱን ግን ወረሰው። ሕግ ሕግ ነው።
በባቡሩ መስኮት ስትስቅ፣ ትንፋሿ መስተዋቱን ሸፈነው።

ዘጠኝ በጋ አለፈ። በአሥረኛው ዝናብ አገሩን ረሳ፤
ጭጋጉም እንደ ሰነፍ ሠራተኛ ሳይመጣ ቀረ።
አንድ እሁድ በራችን ተንኳኳ፤ አራተኛ ፎቅ፣ ሊፍት የለን፤
ሴኞር ባልታዛር፣ ኮፍያው በእጁ፣ ላብ አጥምቆት አየን።
«ያቺ... ደርቃለች» አለ። «ከዘሯ የቀረ የለም፤
ምናልባት ካንቺ ሰገነት...» ቀና ብሎ ማየት አልደፈረም።
ከኪሱ ያወጣው መሐረብ ነው፣ እርጥብ፣ የሚንጠባጠብ፤
መቀስም። ያንኑ መቀስ።

ከሰገነቱ ጥግ ነበረች፣ እስከ ወገቤ አድጋ፣
አንገቷ ላይ ምልክት፣ በሰማያዊ ክር የተሰፋ።
ጎንበስ ብሎ አነበበ፣ የገዛ ስሙን።
ምንም አላለም። ኮፍያውን ደፋ፣ መልሶ አወለቀ።
«ስጪኝ» አለ።
«አልሰጥም። የሰጡት መች ይበቅላል?
ሠላሳ ዓመት ዘበኛ ሆኖ፣ ሰው ይህ እንዴት ይጠፋዋል?»
ጀርባዋን ሰጠችው፣ ወደ ሐዲዱ ዞረች፤
በክርኗ ጎኔን ጎሰም አድርጋ፣
«ሳል እንጂ!» አለች።

ሳልኩ።
ከኋላችን፣ ቀስ... አለ መቀሱ።