ቀስ ብለህ ውጣ

ኅዳር ነው፣ ጎርጎራ፤ ጭጋጉ አልለቀቀም፤
የጀልባው ሞተር ሳል ይዞታል፣ አልሞቀም።
ዋኘው ብረት ሳንባ በጀርባው ላይ አዝሎ፣
የእርሳስ ቀበቶ ወገቡ ላይ ጥሎ፣
ይመለከተኛል፣ አንድ ዓይኑን አጥብቦ፣
ብርድ ይሁን ፍርሃት መንቀጥቀጤን አስቦ።

አባቱ ናቸው አሉ ስሙን ያወጡለት፣
ደምቢያ ላይ፣ መገጭ ሲሞላ በር ከሚዘጋ ቤት።
ያ ስም ይዞት ወርዶ እስከ ምጽዋ ድረስ፣
የመርከብ ሆድ ሲያክም፣ በጨለማ ሲዳስስ፣
ወጣትነቱ አለቀ ጨው እየቀመሰ፤
መርከቡም፣ ወደቡም ሲቀር፣ ተመለሰ።

ከጥቁሩ ድንጋይ አለፍ ሲሉ ጥቂት፣
ጣና ይንተከተካል እንደ ሽሮ ድስት፤
መረብ አይጣልበት፣ ታንኳ አይቆምበት፣
አንዱ ጠበል ሲለው፣ አንዱ የጋኔን ቤት።
ደባስ ነው የላከን፣ የሞተር ሐኪሙ፤
ለራሱ ጉልበት ግን ጠፋበት ቅመሙ።
ባዶ ሃይላንድ ሰጥቶ፦ «ከላዩ እንዳትቀዱ፤
ከዓይኑ ነው የምሻው፣ እስከ ታች ውረዱ።»

ገባን።
ጣና ከላይ ሰማይ፣ ከውስጥ ጠላ ነው፤
እጄን ዘረጋሁት፤ እጄ ወዴት ነው?
መገጭ ያጠበው አፈር፣ የስንት ገበሬ ማሳ
ፊቴ ላይ ይበናል፣ አምባዛ ሲነሣ።
የምሰማው አንድ ነው፦ የራሴን እስትንፋስ፣
እንደ አንጥረኛ ወናፍ ሲሳብ፣ ሲመለስ።
ገመዱን ይዤ ወረድኩ፤ አራት ሜትር፣ ስድስት፤
ብርዱ ባንገቴ ገባ፣ እንዳበዳሪ ሰው፣ ሳያንኳኳ ቤት።
ስምንት ላይ ዋኘው ጓንቴን አወለቀ፤
እጄን ጎትቶ ወሰደ፣ ጭቃው ውስጥ አጠለቀ፤
ሞቀ።

እንዴት ብዬ ልንገር?
እንደ እሳት አልነበር።
የተኛ በሬ ጎን ነው፣ በጨለማ የዳበሱት፤
አሸዋው ስር የሆነ ነገር ይተነፍሳል፣ ትንፋሹን የማይቆጥሩበት።
ባትሪዬን ሳበራ አረፋው ብር ብር እያለ
ከስር ይወጣል፣ አንዱ ባንዱ እየተንጠለጠለ።
ሦስት ቀረሶዎች ዳር ዳሩን ቆመዋል፤
ፀሐይ እንደሚሞቁ ሽማግሌዎች፣ ፊታቸውን መልሰዋል።
ጠበል ነው ወይስ ጋኔን? የሚነግረኝ አጣሁ፤
አሳሰበኝ ብዬም አልዋሽ፤ እጄን ነበር ያሞቅሁ።

ዋኘው ሃይላንዱን ዘቅዝቆ ከዓይኑ ላይ ደቀነ፤
ክዳኑን ጠመዘዘ፤ ውኃው፣ በውኃ ውስጥ፣ የኛ ሆነ።
ደረቴ ላይ አስታቀፈኝ። እንውጣ አለኝ በጣቱ።
እኔ ሽቅብ ልፈተለክ፣ ሳይበርድ ላደርስ፣ ለደባስ ለጉልበቱ፤
ቁርጭምጭሚቴን ያዘ።
መዳፉን ዘረጋ፦ ቆይ። ገና ነህ።

ጠዋት ነግሮኝ ነበር፣ ቀበቶውን ሲታጠቅ፦
«ምጽዋ ባሕር ነው፣ መሬት ላይ የተኛ፤ ጣና ግን ተራራ ላይ የተሰቀለ ሐይቅ።
እዚህ አየሩ ስስ ነው፣ ሰማይ ቅርብ ነው ከውኃው፤
ፈጥኖ የወጣን ሰው ደሙ ነው የሚፈላው።»

ስለዚህ ሦስት ሜትር ላይ፣ ገመዱን ጨብጠን፣
እንደ ተሰጣ ልብስ ተንጠልጥለን፣
ቆጠርን።
የታንኳ ጥላ መጣ፣ ካናታችን ቆመ፣ ሄደ፤
ሃይላንዱ በደረቴ ላይ ደቂቃ በደቂቃ በረደ።
ማንም አልሰረቀው፣ ጠብታ አልፈሰሰ፤
እኔ አጥብቄ አቅፌው፣ እሱ ግን ቀነሰ።
ዋኘው ሰዓቱን ያያል። አይቸኩልም። አይነቃነቅም።
ልጠይቀው ቃጣኝ፤ ውኃ ውስጥ አፍ አይከፈትም፦
ከምጽዋ ወዲህ ይህ ሰው
ስንት ዓመት ቆይቶ ይሆን፣ ሦስት ሜትር የቀረው?

ደባስ ወደቡ ላይ፣ ሱሪውን ሰብስቦ፣ ጉልበቱን ገልጦ ጠበቀን።
ጣቱን ነከረ። ዝም አለ። ተራ በተራ አየን።
«ይኼማ ጎንደር፣ እኅቴ ቤት፣
በወር አንዴ ከቧንቧ የሚመጣው ነው» አለ።
ግን አልደፋውም።
መሐረብ ነክሮ ጉልበቱ ላይ ጠቀለለ፤
ጭቃ ጭቃ ሸተተን።
ከዚያ ቀና ብሎ፣ እንደ አለቃ ኮስተር አለና፦
«ነገ ፔርሙዝ ይዛችሁ ውረዱ።»