ካርታው ሲበወዝ

«የወረዳ ወሰን ይከለሳልና ሕዝብ ይምጣ፣ ይስማ»
የሚል ወረቀት ወጣ፣ በሃርሎው ከተማ፤
እኔ ያነበብኩት ከልብስ ማጠቢያው ቤት።
ማክሰኞ ማታ ሄድኩ፣ ከቤተ መጻሕፍቱ ምድር ቤት፤
ዘርጋ አጠፍ በሚል ቀዝቃዛ ወንበር ላይ
ተቀመጥኩ፣ ካርታውን ላይ።

አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አውቶቡስ ነድቻለሁ፣
ቢጫውን፣ የተማሪውን፤ መንገዱን አውቃለሁ፤
የትኛው ቤት ክፉ ውሻ እንዳለ፣
የትኛው ልጅ ጓንቱን እንደጣለ፣
የቱ መታጠፊያ በጥር እንደሚያንሸራትት።
እነሱ ግን በኮምፒውተር፣ በአንዲት ቀጭን ቀስት
ከወንዙ ተነሥተው፣ ሃዲዱን ተከትለው፣
የእህል ጎተራው ጋ ጥቂት አመንትተው፣
ድንገት ወደ ግራ!
የኔ በር አራተኛ ወረዳ፣
የሎሬይን ሃስኬት በር አንደኛ ወረዳ፤
በመካከላችን ስምንት ሜትር አስፋልትና አንድ የቆሻሻ ገንዳ።

ከሎሬይን ጋር እንኳ፣ እውነቱን ልናገር፣
ሰላም አልነበረንም፣ ቀድሞም ነገር።
ሰማንያ አንድ ዓመቷ፣ ዳሌዋ ብረት ነው፤
የበረዶ ማሽኗ ግን ገና ጎረምሳ ነው፤
እያጓራ ይጠርጋል፣ መንገድ ያሻግራል፣
እኔ በር ላይ ይቆልላል።
«ድንበር ገፊ!» እላታለሁ፣ በአማርኛ፣ በሆዴ።
እሷ እጇን ታነሣለች፤
ሰላምታ ይመስላታል፣ ወይም ገብቷት ትስቃለች።

ለያንዳንዱ ሰው ሦስት ደቂቃ፤
አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ፣ በቃ።
ይህ እንኳ አልጠፋኝም፣ ሹፌር ነኝና።
አሥራ ዘጠነኛ ነበርኩ። «ሚስተር እን... እንግ...» አሉና
አቃታቸው። «እንግዳሸት» አልኳቸው።
ካርታ በወዛችሁ፣ ደህና ደህናውን ለራሳችሁ አስቀራችሁ
ልል አስቤ ነበር፤
ግን በእንግሊዝኛ ቀልዱ አይሠራም፣
ሁለቱ ካርታ ሁለት ስም አለው፣ አይተዋወቅም።
«መንገድ» አልኩ ስለዚህ፣ «መንገድ የሚሠራው ሰው ሊሻገርበት...»
ቢጫ በራ።
«እናንተ ግን...»
ቀይ።
ድምፄ ከጉሮሮዬ ቀረ፤
እስከ ዛሬ አላወቅኩም፣
ተቆረጠ ወይስ ተቆጠረ።

ሃያኛዋ ሎሬይን ናት። በከዘራ ተነሣች።
ወረቀት አልያዘችም፤ መነጽሯን አወለቀች።
«ስምንት ዓመት በረዶዬን እሱ በር ላይ እገፋለሁ፤
እሱም መልሶ ይገፋል፤ ስድቡንም እሰማለሁ።
እስካሁን የምንካሰሰው አንድ ሰው ዘንድ ነበር።
አሁን እኔን አንዱ፣ እሱን ሌላው ሊወክል፣
ጠባችን በየትኛው ወረዳ ሊመዘገብ ነው?»
አዳራሹ ሳቀ። ሰብሳቢው ኦስትቢ ጻፈ፣
ወይም የጻፈ መሰለ።
መብራቱ ገና አረንጓዴ ሳለ ተቀመጠች።

አራት ለሦስት። ካርታው ጸደቀ።

በጥቅምት ማለቂያ፣ በምርጫው ቀን ጠዋት
በሬ ተንኳኳ። መንዳት ትታለች።
ኮፍያዋን እስከ ቅንድቧ ደፍታ «እሳት አደጋ ጣቢያ» አለች፣
ታክሲ የጠራች ይመስል።
ወሰድኳት። ቀይ ክብ ወረቀት ካፖርቷ ላይ ለጥፋ ወጣች።
ቀጥለን ወደ ሉተራኖቹ ቤተ ክርስቲያን፣ ወደ እኔው ጣቢያ፤
እሷ መኪናው ውስጥ ጠበቀች፣ ማሞቂያውን ከፍ አድርጋ።
ወረቀቱ ላይ ካሉት ስሞች አንዱንም አላውቅም።
ክቡን አጠቆርኩ። ቢሆንም።
ስንመለስ ማንን እንደመረጥኩ አልጠየቀችኝም፤
ስለ አውቶቡሱ ፍሬን ጠየቀችኝ።

ሌሊቱን በረዶ ወረደ፤
አስፋልቱን፣ ገንዳውን፣ ያንን ቀጭን መስመርም ካለ
አለበሰው።
ገና ሳይነጋ ማሽኗ አጓራ።
ከአንደኛ ወረዳ የመጣ ክምር፣ ጉልበት የሚደርስ፣
አራተኛ ወረዳ በሬ ላይ ቆሟል።

አካፋዬን ፍለጋ ወደ ጓዳ ገባሁ።