ጋቢና

ኪራይ ጨመረችው እትዬ ዘምዘም፤
እሺም አላልኳትም፣ እምቢም አላልኳትም።
ልሞክረው ብዬ ሳምንት ጋቢናዬን፣
ከደረቅ ወደቡ አጥር አሰጣሁ ሸሚዜን።

ቁመቴ ከወንበሩ ይተርፋል በስንዝር፤
አንገቴ ከበሩ፣ ጉልበቴ ከመሪ ሥር።
ደሴ ባድር ውርጭ፣ ኮምቦልቻ ትንኝ፣
ዘበኛው በባትሪ "ተነስ" እያለኝ።

ግን ደግሞ ንጋት ላይ ሐረጎን ስወጣ፣
ጉሙ ቦርከና ላይ ገና ተኝቶ ሳለ፣
አልጋዬ ከኋላዬ፤ "ልቀቅ" ባይ አልመጣ።

ትናንት ማታ አረቡ፣ የቅሬው ጡሩንባ ነፊ፣
መስኮቴን አንኳኳ፣ ቀልደኛ ለፍላፊ፦
"ብትሞት ድንኳናችን የማን ደጅ ይተከል?
ጎማ ላለው ቤትስ ካስማ የት ይቸከል?"

ሳቅሁ። እሱም ሳቀ። ጎማዬን ረግጦ ሄደ።
የዘምዘም ቁልፍ በኪሴ ሌሊቱን ከበደ።

ነገ ወሩ ይሞላል።